ያውቁ ኖሯል? በሮማውያን ግንብ ጥግ የሚሄደው መንገድ

በሰሜን እንግሊዝ፣ የሮማው ንጉሠ ነገሥት ሐድሪያን በ122 እ.ኤ.አ. ማሠራት የጀመረውን ግንብ እየተከተለ ከምሥራቅ ጠረፍ እስከ ምዕራብ ጠረፍ የሚዘልቅ የእግረኛ መንገድ አለ። ርዝመቱ 135 ኪሎ ሜትር ነው። ሙሉውን ለመጨረስ ጊዜ የሌለው ሰው ከስቲል ሪግ ተነሥቶ ሐውስስቴድስ እስከሚባለው ምሽግ ድረስ ቢሄድ ይበቃዋል፤ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም ዳገትና ቁልቁለቱ ጉልበት ይፈትናል። ግንቡ እዚህ ቦታ የተሠራው በገደል አፋፍ ላይ ስለሆነ፣ ከሰሜን ለሚመጣ ጠላት ገደሉ ራሱ ሌላ አጥር ነበር።

ሐውስስቴድስ ሲደርሱ የወታደሮቹን መጸዳጃ ቤት ሳያዩ አይመለሱ። በምሽጉ ዝቅተኛ ጥግ ላይ ያለው ጥልቅ የድንጋይ ቦይ ዛሬም አለ፤ ከላዩ መቀመጫዎች በረድፍ ተደርድረውበት ነበር። የዝናብ ውሃ በገንዳ እየተጠራቀመ ቆሻሻውን ጠርጎ ይወስድ ነበር። ከመቀመጫዎቹ ፊት ለፊት ባለው ጠባብ የድንጋይ ቦይ ደግሞ ወታደሮቹ የሚጠራረጉበትን ስፖንጅ ያጥቡበት ነበር። ከአሥራ ስምንት መቶ ዓመት በፊት ለንጽሕና እንዲህ መጨነቃቸው በእውነት ያስደንቃል።

ለተጓዥ አንድ አደራ አለ፦ ግንቡ ላይ አይውጡ፤ ከጓደኛዎ ጋር ሲሄዱም ተከታትለው ሳይሆን ጎን ለጎን ይራመዱ። ሣሩ በአንድ መስመር ተረግጦ ካለቀ አፈሩ ይሸረሸራል፤ ከሥሩ ደግሞ ገና ያልተቆፈረ የሮማውያን ቅሪት አለ።