ቬክተር 2022

ቬክተር 2022 ውክፔዲያ በኮምፒውተር ሲከፈት የሚታይበት ገጽታ ነው። ያዘጋጀው ውክፔዲያን የሚያስተናግደው ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት፣ የዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን፣ ነው። በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ መደበኛ ገጽታ የሆነው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 18 ቀን 2023 ነው። ገጽታ ሲባል የመጣጥፉ ቃላት ሳይነኩ በዙሪያቸው ያለው ሁሉ ማለት ነው፦ የፍለጋ ሳጥኑ፣ የይዘት ማውጫው፣ የመስመሩ ስፋት፣ የቋንቋዎቹ ዝርዝር።

መነሻ

ውክፔዲያ ከ2004 ጀምሮ ሞኖቡክ በተባለ ገጽታ ይታይ ነበር። በ2010 የመጀመሪያው ቬክተር ተካው። ያኛው እድሳት ከስታንተን ፋውንዴሽን በተገኘ 890 ሺህ ዶላር የተጀመረ ሲሆን ትኩረቱም አዲስ ጸሐፊዎች ገጽ ማረም እንዳይከብዳቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ የጎላ ለውጥ አልተደረገም። በእነዚህ ዓመታት የኮምፒውተር ስክሪን እየሰፋ ሄደ፣ የሞባይሉ ገጽታም ለብቻው ተሻሻለ፤ የኮምፒውተሩ ግን ባለበት ቆየ። ለነባር አርታኢ ይህ ምቹ ነበር፤ እያንዳንዱ ማያያዣ የት እንዳለ እጁ ያውቀዋል። ከፍለጋ ሞተር በቀጥታ ለመጣ እንግዳ ግን በግራ በኩል የተደረደሩት ብዙ ማያያዣዎች አብዛኞቹ ትርጉም አልነበራቸውም። ፋውንዴሽኑ በ2019 ሥራውን የጀመረው ይህን ሁለተኛውን ሰው ይዞ ነው።

የተለወጡ ነገሮች

የግራው ዝርዝር ሊታጠፍ የሚችል ሆነ፤ በቦታውም የይዘት ማውጫው ገባ። ማውጫው ቀድሞ ከመጣጥፉ መግቢያ በታች ይቀር ስለነበር ረጅም ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ክፍል ለመቀየር ወደ ላይ መመለስ ነበረበት። አሁን ከአንባቢው ጋር አብሮ ይወርዳል።

የፍለጋ ሳጥኑ ሰፍቶ ወደ መሃል ተጠጋ፣ ከሚጠቁማቸው ርእሶች ጎንም ሥዕልና አጭር መግለጫ ተጨመረ። በፋውንዴሽኑ ሙከራ መሠረት ፍለጋ በ30 በመቶ ጨምሯል፣ ገጹን ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስም በ15 በመቶ ቀንሷል። ለአማርኛ አንባቢ ግን የሳጥኑ ስፋት ብቻ አይበቃም። «ፀሐይ»ን አንዱ በፀ ሌላው በጸ፣ አንዱ በሐ ሌላው በሀ ይጽፋል። ይህን ችግር የሚያቃልሉት ከአንዱ አጻጻፍ ወደ ሌላው የሚያደርሱ መምሪያ መንገዶችን የሚፈጥሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

ከሁሉ በላይ ያከራከረው የመስመሩ ስፋት ነው። የኅትመት ባለሙያዎች በላቲን ፊደል ለሚጻፍ ጽሑፍ በአንድ መስመር ከ45 እስከ 75 ፊደላት ይመክራሉ፤ በድሮው ገጽታ ግን ጽሑፉ የስክሪኑን ስፋት ሁሉ ይሞላ ነበር። ዓይን ከመስመሩ መጨረሻ ተመልሶ ቀጣዩን ሲፈልግ ይስታል። ቬክተር 2022 ስፋቱን ገደበ፤ በሰፊ ስክሪን ላይም ግራና ቀኙ ባዶ ሆኖ ቀረ። (የግዕዝ ፊደል አንዱ ሆሄ ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ስለሚይዝ ይህ ቁጥር ለአማርኛ እንዳለ አይሠራም።)

የቋንቋዎች ዝርዝር ከግራው ጠርዝ ወጥቶ ከርእሱ ጎን በሚገኝ አንድ አዝራር ውስጥ ገባ፤ አዝራሩም መጣጥፉ በስንት ቋንቋ እንደሚገኝ ይናገራል። ይህ ለትናንሽ ውክፔዲያዎች ቀላል ነገር አይደለም። የእንግሊዝኛ መጣጥፍ የከፈተ ተማሪ ጉዳዩ በአማርኛም መጻፉን የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ በዚህ መንገድ ነው። አዝራሩ በዓይን ፊት ቢሆንም ስሞቹ አንድ ጊዜ ካልተጫነ አይታዩም፤ በድሮው ዝርዝር ግን «አማርኛ» የሚለው ቃል ራሱ ተጽፎ ይገኝ ነበር። የለመዱ አንባቢዎችም በቀድሞ ቦታው ስለፈለጉት፣ ቋንቋዎቹ ወደ ላይ መዛወራቸውን የሚገልጽ ማስታወቂያ እዚያው ተቀመጠ።

ሙከራና ተቃውሞ

ለውጡ ከ2020 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ የተሞከረው ፈረንሳይኛ፣ ዕብራይስጥና ፋርስኛን በመሳሰሉ ውክፔዲያዎች ላይ ነው። ሁለቱ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚጻፉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሠራ ንድፍ ስሕተቱ ቶሎ ይታይባቸዋል። የእንግሊዝኛው ማኅበረሰብ በ2022 ከተወያየ በኋላ፣ የስፋቱን ጉዳይ ጨምሮ ቅሬታዎቹ መልስ እንዲያገኙ በመጠየቅ ለውጡን ተቀበለ። ከተጀመረ በኋላ ወደ ድሮው ይመለስ የሚል ሌላ ሰፊ ውይይት ተካሂዶ ያለ ስምምነት ተዘጋ። የስዋሂሊ ውክፔዲያ አርታኢዎች ደግሞ ለውጡ እንዲመለስ በሙሉ ድምፅ ወሰኑ። የገጹን ይዘት የሚጽፉት በጎ ፈቃደኞቹ፣ ሰርቨሩንና ገጽታውን የያዘው ደግሞ ፋውንዴሽኑ በመሆኑ እንዲህ ያለው ክርክር ማን ይወስናል ወደሚለው ጥያቄ መዞሩ አይቀርም።

የተመዘገበ ተጠቃሚ የድሮውን ገጽታ ከምርጫዎች ገጽ መምረጥ ይችላል፤ ያልተመዘገበ አንባቢ ግን አይችልም። ምክንያቱ ቴክኒካዊ ነው፦ ላልተመዘገቡ አንባቢዎች የሚላከው ገጽ አንድ ጊዜ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ቅጂ ነው፣ ሰርቨሮቹም ጫናውን የሚችሉት በዚህ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ገጽታ ማቅረብ ይህን ቁጠባ ያፈርሰዋል። በመሆኑም ስፋቱን የሚለውጠው አዝራር መጀመሪያ ላይ ያልተመዘገበ ሰው ምርጫ አያስታውስም ነበር፤ ሌላ ገጽ ሲከፈት ጽሑፉ መልሶ ይጠብ ነበር። ይህ በ2023 ተስተካክሏል። በ2024 የፊደል መጠን፣ ስፋትና ጨለማ ገጽታ የሚመረጥበት ዝርዝር በገጹ ጎን ተጨመረ። ከፊደላችን ቅጥያዎች አንዳንዶቹ ሲያንሱ እርስ በርስ ስለሚመሳሰሉ፣ ከሦስቱ ለአማርኛ አንባቢ ይበልጥ የሚጠቅመው የፊደል መጠኑ ነው።