የተጫዋቹ ውልና የደጋፊው ውል

ረመዳን 18 ቀን 1444 ዓመተ ሂጅራ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አፕሪል 9 ቀን 2023፣ ዕለቱ እሑድ ነበር። በጂዳ ከተማ በሚገኝ አንድ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤት ቴምሩና ውኃው በየጠረጴዛው ቀርቦ፣ ሳምቡሳው ከዘይቱ ወጥቶ፣ ጾመኞች የመግሪብን አዛን ይጠባበቃሉ። በግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን ሊቨርፑልና አርሰናል በአንፊልድ የሚያደርጉት ጨዋታ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተጀምሯል። ለአርሰናል ጋብርኤል ማርቲኔሊ በስምንተኛው ደቂቃ ያስቆጠረው ጎልና የመግሪብ አዛን ተቀራርበው መጡ። ከታዳሚው ገሚሱ «አልሐምዱሊላህ» ያለው ለጎሉ ይሁን ለፊጥሩ ለመለየት አስቸጋሪ ነበር።

ከታዳሚዎቹ መካከል የደሴ ተወላጅ የሆነና በአንድ ድርጅት ውስጥ የጭነት መኪና የሚያሽከረክር የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው ይገኝበታል። አርሰናልን መደገፍ የጀመረው ቡድኑ የ2003/04ን የውድድር ዘመን በሊጉ አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ ባጠናቀቀበት ወቅት ነው። ያኔ ተማሪ ነበር፤ ጨዋታዎቹን የሚያየውም በደሴ ከተማ ለመግቢያ እየተከፈለ በቴሌቪዥን ኳስ በሚታይባቸው ቤቶች ነበር። ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ከመጣ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። በእነዚህ ዓመታት ከቤተሰቡ ቀጥሎ ሳያቋርጥ ዜናውን የሚከታተለው ነገር ቢኖር ይኸው ቡድን ነው።

የዚያን ዕለቱ ጨዋታ ሁለት ለሁለት ተጠናቀቀ። አርሰናል ሁለት ለባዶ ከመራ በኋላ ድሉን አሳልፎ በመስጠቱ ከተራዊሕ ሰላት በኋላ በምግብ ቤቱ የተነሳው ወሬ ሌላ አልነበረም። ሹፌሩ የችግሩን ሥር ለማስረዳት ተነሳ። የመሐል ተከላካዩ ዊሊያም ሳሊባ ከማርች ወር ጀምሮ በጉዳት ከሜዳ ርቋል። ከጉዳቱ የከፋው ግን ውሉ በ2024 ክረምት የሚያበቃ መሆኑ ነው፤ ክለቡ ቶሎ ካላስፈረመው ሌሎች ይወስዱታል። ይህን ሲናገር ወርና ዓመት እየጠቀሰ፣ እንደ ሕግ ባለሙያ ነጥብ በነጥብ እያስቀመጠ ነበር።

በአቅራቢያው ተቀምጠው ሲያዳምጡ የነበሩ፣ በከተማው ረጅም ዘመን የኖሩና ዐረብኛ ጠንቅቀው የሚያነቡ አንድ አዛውንት በመጨረሻ ቃል ሰነዘሩ። «ልጄ፣ የሰውየውን ውል እንዲህ ካወቅኸው፣ ያንተስ መቼ ነው የሚያበቃው?»

ሹፌሩ ጥቂት አሰበና «እርግጠኛ አይደለሁም፣ ሐጂ። ወረቀቱ ከሻንጣ ውስጥ ነው» ሲል መለሰ።

በባሕር ማዶ ሆነው የሚወዱትን ክለብ ዝውውርና አስተዳደር የሚከታተሉ ወገኖች ቁጥር ቀላል አይደለም። ጨዋታው በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ቢሆንም የዝውውር ወሬ ግን ዕረፍት አያውቅም። የዝውውር መስኮቱ በሚዘጋበት ዕለት እንቅልፋቸውን ሠውተው የሚያነጉ ብዙዎች ናቸው። ሜሱት ኦዚል በሴፕቴምበር 2 ቀን 2013፣ መስኮቱ በሚዘጋበት በመጨረሻው ቀን፣ ከሪያል ማድሪድ ወደ አርሰናል በ42.5 ሚሊዮን ፓውንድ ሲዛወር፣ በጂዳ የመስኮቱ መዝጊያ ሰዓት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነበር።

በእርግጥ ይህ ክትትል ለተመልካቹ ብዙ ነገር ያስተምራል። የዛሬው የእግር ኳስ ዝውውር ሥርዓት መሠረት የተጣለው በዲሴምበር 1995 የአውሮፓ የፍትሕ ፍርድ ቤት በቤልጅጋዊው ተጫዋች ዣን ማርክ ቦስማን ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ ነው። ከዚያ በፊት የተጫዋቹ ውል ቢያበቃም እንኳ የቀድሞው ክለብ የዝውውር ገንዘብ ካልተከፈለኝ አልለቅም ሊል ይችል ነበር። ቦስማን ከሊዬዥ ክለብ ወደ ፈረንሳዩ ዳንከርክ ለመሄድ ሲፈልግ የገጠመው መሰናክል ይኸው ነው። ፍርድ ቤቱ ይህን አሠራር ከአውሮፓ ኅብረት የሠራተኞች ነፃ ዝውውር ጋር የሚቃረን ሆኖ ስላገኘው ውሉ ያበቃ ተጫዋች ያለ ክፍያ ለመሄድ በቃ። የክለቡ አቅም በውሉ ቀሪ ዕድሜ የሚለካ የሆነውም ከዚያ ወዲህ ነው።

የአርሰናል ደጋፊዎች ይህን ትምህርት በመራራ ዋጋ ተምረውታል። በ2012 ሮቢን ቫን ፐርሲ በውሉ ላይ አንድ ዓመት ብቻ ሲቀረው ለማንችስተር ዩናይትድ በ24 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጠ፤ ዩናይትድም በዚያው የውድድር ዘመን ሻምፒዮን ሆነ። በጃንዋሪ 2018 አሌክሲስ ሳንቼዝ ውሉ ሊያበቃ ወራት ሲቀሩት ወደዚያው ክለብ ሄደ። በ2019 ደግሞ አሮን ራምሴ ያለ አንዳች የዝውውር ክፍያ ወደ ጁቬንቱስ ተሻገረ። ሦስቱም የሄዱት በአንድ ምክንያት ነው፤ ክለቡ የውሉን ቀን ቀድሞ አልተመለከተም።

ሚኬል አርቴታ በዲሴምበር 2019 በአሠልጣኝነት ከተሾመ በኋላ ከእግር ኳስ ዳይሬክተሩ ኤዱ ጋር በመሆን ካስተካከላቸው ጉዳዮች አንዱ ይህ ነበር። በ2023 ብቻ ማርቲኔሊ፣ ቡካዮ ሳካና ማርቲን ኦዴጋርድ ጊዜያቸው ከመድረሱ በፊት አዳዲስ ውሎችን ፈርመዋል። ሹፌሩ ይህን ሁሉ ያውቃል። በሻንጣው ውስጥ ያለው ወረቀት ግን ስለ ራሱ ደመወዝ፣ ስለ ራሱ ሰዓትና ስለ ራሱ ልጆች እንጀራ የሚናገር ሆኖ ሳለ ለዓመታት አልተገለጠም።

በማግስቱ ከተራዊሕ በኋላ ወረቀቱን ይዞ መጣ። አዛውንቱ መነጽራቸውን አድርገው ዐረብኛውን ቃል በቃል አነበቡለት። ሦስት ነገሮች ተገኙ። አንደኛ፣ ውሉ ሊያበቃ የቀረው ከሦስት ወር ያነሰ ጊዜ ነበር፤ ከሁለቱ ወገኖች አንዱ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ ካላሳወቀ ደግሞ በነበረበት ሁኔታ በራሱ ይታደሳል። ሁለተኛ፣ ከሁለት ዓመት ወዲህ በየወሩ በእጁ የሚሰጠው ጭማሪ በውሉ ላይ የለም። ሦስተኛ፣ የሥራ ሰዓትን በሚመለከት ውሉ የአገሪቱን የሥራ ሕግ ይጠቅሳል፤ ሕጉም በረመዳን ወር የሙስሊም ሠራተኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ6 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ሹፌሩ ግን ሌላ ጊዜ እንደሚሠራው በቀን 8 ሰዓትና ከዚያም በላይ ሲያሽከረክር ሰንብቷል።

ጭማሪው በጽሑፍ አለመስፈሩ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በሳዑዲ የሥራ ሕግ የአገልግሎት ማብቂያ ክፍያ የሚሰላው በመጨረሻው ደመወዝ ላይ ተመሥርቶ ሲሆን፣ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ለእያንዳንዱ ዓመት የግማሽ ወር፣ ከዚያ በኋላ ላሉት ዓመታት የአንድ ወር ደመወዝ ይታሰባል። ክርክር ቢነሳ በቅድሚያ የሚታየው የተጻፈው ነው። በእጅ የተሰጠና በቃል የተነገረ ገንዘብ ማስረጃ ካልተገኘለት የዘጠኝ ዓመት ልፋት የሚተመነው በትንሹ ደመወዝ ይሆናል።

ወረቀቱ ተነብቦ ሲያበቃ አዛውንቱ በቁርኣን ውስጥ ከሁሉም ረጅም የሆነው አንቀጽ ስለ ምን እንደሚናገር ጠየቁት። ሹፌሩ በልጅነቱ መድረሳ የተማረ ቢሆንም ወዲያው አልመጣለትም። በሱረቱል በቀራ የሚገኘው ያ አንቀጽ ስለ ዕዳ ውል የሚደነግግ ነው፤ ለተወሰነ ጊዜ የሚደረግ ብድር እንዲጻፍ፣ ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ፣ ምስክሮች እንዲቆሙና የገንዘቡ ማነስ ወይም መብዛት ከመጻፍ እንዳያሰንፍ ያዛል። ሱረቱል ማኢዳም የሚከፈተው አማኞች ውሎቻቸውን እንዲሞሉ በማዘዝ ነው። ውልን መሙላት ደግሞ በቅድሚያ ማወቅን ይጠይቃል። ብዙ ወገኖች የደመወዝና የሰዓት ጥያቄ ማንሳትን ከትዕግሥት ማነስ ወይም ውለታን ከመርሳት ይቆጥሩታል፤ አዛውንቱ ግን ጽሑፉ የአሠሪውንም የሠራተኛውንም አማና የሚጠብቅ መሆኑን አስረዱት።

ከማርች 2021 ጀምሮ ተግባራዊ በሆነው የሥራ ማሻሻያ መሠረት በሥራ ሕጉ የሚተዳደር የግል ድርጅት የውጭ ሠራተኛ ከመጀመሪያው የአንድ ዓመት አገልግሎት በኋላ የተቀመጡትን ቅድመ ሁኔታዎች አሟልቶ ያለ አሠሪው ፈቃድ ወደ ሌላ አሠሪ ሊዛወር ይችላል። ደመወዙ በተከታታይ ለሦስት ወራት ካልተከፈለው ደግሞ ዓመቱን እንዲጠብቅ አይገደድም። ውሉ በ«ቂዋ» መድረክ ስለሚመዘገብ ሠራተኛው በስልኩ ከፍቶ ሊያየው ይችላል። ማሻሻያው የቤት ሠራተኞችንና የግል ሹፌሮችን አያካትትም፤ እነርሱ በተለየ ደንብ የሚተዳደሩ ሲሆን ውላቸው የሚፈጸመው በ«ሙሳነድ» በኩል ነው። በርካታ ኢትዮጵያውያን እህቶች በዚህ ዘርፍ ስለሚሠሩ፣ በውሉ ላይ የሰፈረው የደመወዝ መጠንና የዕረፍት ቀን ለእነርሱ በብርቱ የሚያስፈልግ ዕውቀት ነው።

ደጋፊነትም ሆነ ሠራተኛነት የሚፈተንበት ሌላው ነገር ወሬ ነው። የአርሰናል ደጋፊ በየክረምቱ ሃያ ተጫዋቾች «ሊመጡ ነው» ሲባል ይሰማል፤ ከእነዚህ የሚመጡት ጥቂቶች ናቸው። በጊዜ ብዛት የቱ ጋዜጠኛ እንደሚታመን፣ የክለቡ መግለጫ ሳይወጣ ምንም ነገር እንዳልተረጋገጠ ይማራል። ስለ ኢቃማ፣ ስለ ምሕረትና ስለ «ነቅል ከፋላ» በየስልኩ የሚሠራጨውን ወሬ ግን ያው ሰው ሳያጣራ ሊያምን፣ አልፎም ለደላላ ገንዘብ ሊከፍል ይችላል። በሱረቱል ሑጁራት የሚገኘው ዜናን የማጣራት ትእዛዝ ሰውን ከጸጸት ለመጠበቅ የመጣ ነው።

ሁለቱ ውሎች የሚለያዩበትም ነጥብ አለ። ደጋፊው በክለቡ ጉዳይ ፊርማ የለውም። ስታን ክሮንኬ በ2018 የአርሰናልን ሙሉ ባለቤትነት ሲይዙ ማንም ደጋፊውን አላማከረም። በአፕሪል 2021 አሥራ ሁለት ክለቦች የአውሮፓ ሱፐር ሊግን ለመመሥረት ሲስማሙ አርሰናል አንዱ ነበር፤ ደጋፊዎች ባሰሙት ብርቱ ተቃውሞ ስድስቱም የእንግሊዝ ክለቦች በሁለት ቀናት ውስጥ ለመውጣት ተገደዱ። ያ የሆነው ግን በአደባባይ ጩኸት እንጂ በመብት አልነበረም። ሹፌሩ በሻንጣው ባኖረው ወረቀት ላይ ግን ከሁለቱ ፈራሚዎች አንዱ እርሱ ራሱ ነው።

ዒዱ ካለፈ በኋላ ሹፌሩ በአዛውንቱ እርዳታ የተጻፈ ማመልከቻ ለድርጅቱ አቀረበ። የጠየቀውን ሁሉ አላገኘም። በእጅ ይሰጠው ከነበረው ጭማሪ አብዛኛው በአዲሱ ውል ላይ ሰፈረ፤ የረመዳኑ ትርፍ ሰዓት ግን ለወደፊቱ እንደሚስተካከል ከመነገር በቀር ክፍያ አልተገኘለትም። ለሁለት ዓመት እንዲፈርም ቢጠየቅም የአንድ ዓመት ውል መረጠ። ምክንያቱን ሲያስረዳ «ዓመቱ ሲያልቅ ቃሉን መጠበቁን አያለሁ» ነው ያለው።

በዚያው የውድድር ዘመን አርሰናል 248 ቀናት የሊጉን መሪነት ይዞ ቆይቶ ዋንጫውን ለማንችስተር ሲቲ አስረከበ። በጁን 2023 የጂዳው አል ኢቲሓድ ካሪም ቤንዜማን ሲያስፈርም፣ ሹፌሩ ከሩቅ ሲከታተለው የኖረው የዝውውር ዓለም ወደሚኖርበት ከተማ መጣ። በጁላይ ሳሊባ እስከ 2027 የሚያቆየውን ውል ፈረመ። ዜናው በደረሰ ምሽት በምግብ ቤቱ ደስታ ሆነ፤ ሹፌሩም ለጠረጴዛው ሁሉ ሻይ ጋበዘ።

ከሳምንት በኋላ ዴክላን ራይስ በ100 ሚሊዮን ፓውንድና በተጨማሪ 5 ሚሊዮን ወደ አርሰናል መጣ። ወደ ጂዳ ከመጣ ዓመት ያልሞላው አንድ ወጣት የክፍያውን አከፋፈል፣ የውሉን ዘመንና የሳምንት ደመወዙን እየዘረዘረ ለታዳሚው ያስረዳ ነበር። ሹፌሩ እስኪጨርስ በትዕግሥት አዳመጠውና አዛውንቱ እርሱን የጠየቁትን ጠየቀው። ወጣቱ በመጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ስልኩን አወጣና፣ ወንበሩን ወደ ሹፌሩ አስጠግቶ፣ ውሉ የሚገኘው ከየት በኩል እንደሆነ እንዲያሳየው ለመነው።