እርዳታ እስኪደርስ ያለው ጊዜ

ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) አምስት ሴቶች ከሲያትል በስተምሥራቅ በምትገኘው የፎል ሲቲ ከተማ አቅራቢያ በደን ውስጥ ብስክሌት እየነዱ ነበር። ድንገት አንድ ወጣት ኩጋር፣ ማለትም የተራራ አንበሳ፣ ከጫካው ወጥቶ የ60 ዓመቷን ብስክሌተኛ መሬት ላይ ጥሎ መንጋጋዋን ነከሳት። ጓደኞቿ ጥለዋት አልሸሹም። በድንጋይ፣ በእንጨት፣ በእጃቸው በገባው ሁሉ እየመቱ ከ15 ደቂቃ ገደማ ትግል በኋላ አላቀቋት። ከዚያም አውሬውን በብስክሌት ተጭነው፣ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቱ ባልደረባ ደርሶ በጥይት እስኪገድለው ድረስ ለ45 ደቂቃ ያህል ከመሬት እንዳይነሣ አደረጉት። ኩጋሩ 34 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝን ነበር። ሴትየዋ ፊቷ ላይ ከባድ ጉዳት ቢደርስባትም ተርፋለች።

ዜናው በየአገሩ ሲሰራጭ ሰው ሁሉ ያወራው ስለ አራቱ ጓደኞች ጀግንነት ነበር፤ ቢወራላቸውም ያንሳቸዋል። ብቻዋን ጫካ ገብታ ብስክሌት የምትነዳ ሴት ግን ከዚሁ ታሪክ ሌላ ጥያቄ ይነሣባታል። አውሬውን የሚይዝ፣ ስልክ የሚደውል፣ ቁስሉን የሚጫን ሰው አጠገቧ ባይኖርስ? ድንጋዩም፣ የዛፉ ሥርም፣ ቁልቁለቱም ብቻዋን ለሄደችውም ከጓደኞቿ ጋር ለሄደችውም ያው ናቸው። የሚለየው በአደጋውና በእርዳታው መካከል ያለው ጊዜ ነው። የብቸኛ ብስክሌተኛ ደኅንነት በአመዛኙ ይህን ጊዜ የማሳጠርና እስከዚያው በሕይወት የመቆየት ጉዳይ ነው።

«እንግዲያው ብቻዋን አትሂድ» የሚለው ምክር መልስ አይሆንም። ዘመናዊው የተራራ ብስክሌት በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ የታማልፓይስ ተራራ ቁልቁለቶች ላይ ሲወለድ ከወንዶቹ ጋር የሚነዱ ሴቶች ነበሩ። የአሜሪካ ሻምፒዮን የነበረችው ጃኪ ፌላን ደግሞ በ1987 ሴቶች እርስ በርስ የሚማማሩበት የተራራ ብስክሌት ማኅበር መሠረተች። ሴቶች በዚህ ስፖርት ውስጥ እንግዳ ሆነው አያውቁም። ብቻ መንዳት የሚሰጠው ነፃነትም ለወንዱ ተፈቅዶ ለሴቷ የሚነፈግበት በቂ ምክንያት የለም።

በመጀመሪያ አደጋው የት እንዳለ በትክክል ማየት ያስፈልጋል። በዋሽንግተን ግዛት ከ1924 ወዲህ ኩጋር ሰው የገደለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በሜይ 2018 በኖርዝ ቤንድ አቅራቢያ፣ ሟቹም ብስክሌተኛ ነበር። ስለዚህ ጫካ የምትገባ ሴት ከአውሬ ጥርስ ይልቅ የሚያሰጋት መሬቱ ነው። በዚህ ስፖርት ብዙው ጉዳት የሚመጣው ከመውደቅ ሲሆን፣ በተለይ የእጅ አንጓ፣ ትከሻና ጭንቅላት ይጎዳሉ።

የመውደቅን ክብደት ከምንም በላይ የሚወስነው ፍጥነት ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ሰውነት በግጭቱ ጊዜ የሚሸከመው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል፤ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚነዳና በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ያንኑ ዛፍ ቢመቱ ጉዳታቸው ፈጽሞ አይመሳሰልም። ፍጥነት የማሰቢያ ጊዜንም ይበላል። በጁን 2016 በሞንታና፣ ከግሌሸር ብሔራዊ ፓርክ አጠገብ፣ አንድ ልምድ ያለው ብስክሌተኛ በጠመዝማዛ የጫካ መንገድ ላይ በፍጥነት ሲወርድ ከግሪዝሊ ድብ ጋር ተላተመና ሕይወቱ አለፈ። አደጋውን ያጣሩት ባለሙያዎች ሰውየው ድቡን ካየ በኋላ የነበረው ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰከንድ እንደማይበልጥ ደምድመዋል። ስለዚህ ብቻዋን የምትነዳ ሴት ከፊቷ ያለው በማይታይባቸው ጥምዝ ቦታዎች ፍሬን ብትይዝና ድምፅ ብታሰማ ለራሷ ጊዜ እየገዛች ነው።

ስለ ሄልሜት ብዙ መከራከር አያስፈልግም። በ2016 የታተመና ከ64,000 በላይ የተጎዱ ብስክሌተኞችን መረጃ ያሰባሰበ ጥናት፣ ሄልሜት ከባድ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ፣ ለሞት የሚያበቃውን ደግሞ በ65 በመቶ ከመቀነስ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። ሆኖም ሄልሜት የአንጎል መናወጥን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም፤ ብቸኛዋን ብስክሌተኛ የሚያታልላትም ይኸው ነው። አንጎሏ የተናወጠ ሰው ራሷን ለመመርመር የሚያስፈልጋት አንጎል ያው የተጎዳው ነው። ተነሥታ፣ አቧራዋን አራግፋ፣ «ደኅና ነኝ» ብላ ቁልቁለቱን ልትቀጥል ትችላለች፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ግን ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ወይም የመንገድ መሳት ይመጣል። በቡድን ሲሆን ሁኔታዋን የሚያስተውል ጓደኛ አለ። ብቻዋን ስትሆን ውሳኔው ከቤት ሳትወጣ መወሰን አለበት፤ ሄልሜቷ መሬት ወይም ዛፍ ከመታ የዕለቱ መንዳት አበቃ፣ ብስክሌቷን እየገፋች ትመለሳለች፣ ለአንድ ሰውም ታሳውቃለች።

በሕይወት የመቆየቱን ነገር ሁለት ነገሮች ይፈታተኑታል፤ ደም መፍሰስና ብርድ። ትልቅ የደም ሥር ከተቆረጠ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ የትኛውም ነፍስ አድን ቡድን ጫካ ውስጥ በዚያ ፍጥነት አይደርስም። በአንድ እጅ ሊጠብቅ የሚችል ቱርኒኬ፣ ማለትም ደም ማቆሚያ ማሰሪያ፣ ክብደቱ ከቁብ የሚቆጠር አይደለም። እጅ ወይም እግር ላይ፣ ከቁስሉ 5 ወይም 7 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን ይታሰራል፤ የታሰረበት ሰዓትም ይመዘገባል። አጠቃቀሙን ቤት ውስጥ በገዛ እጅና እግር ላይ መለማመድ ግን ግድ ነው። ብርዱ ደግሞ ሰው የሚንቀው ገዳይ ነው። ዳገት ስትወጣ ላብ ያጠመቃት ሴት እግሯ ተሰብሮ እርጥብ መሬት ላይ ብትቀር፣ ሙቀት የሚያመነጩላት ጡንቻዎች ሥራ ያቆማሉ፣ እርጥቡ ልብስም ሙቀቷን ይመጥጣል። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲወርድ ማሰብም፣ ጣት ማዘዝም ይከብዳል። ደረቅ ሹራብና ስስ የአሉሚኒየም ብርድ ልብስ በቦርሳዋ ቢኖሩ ብዙ ሰዓት ያቆዩአታል።

እርዳታ የመጥራቱ ጉዳይ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ብዙ ሰው በስልኩ ላይ የሚጥለው እምነት ከስልኩ አቅም በላይ ነውና። አንዳንድ የእጅ ሰዓቶችና የብስክሌት ኮምፒውተሮች መውደቅን ራሳቸው ለይተው ለቤተሰብ መልእክት ይልካሉ። ይህ ድንቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን አብዛኞቹ መልእክቱን የሚያሳልፉት በስልክ ኔትወርክ ነው። ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ ከሌለ መሣሪያው አደጋውን አውቆም ለማንም መንገር አይችልም። ኔትወርኩ ደካማ ከሆነ ድምፅ እምቢ ሲል አጭር የጽሑፍ መልእክት ሊያልፍ ይችላል። ፈጽሞ በሌለበት ግን መፍትሔው ሳተላይት ነው። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ አይፎን 14ና ከእሱ በኋላ የወጡት በአሜሪካ የድንገተኛ ጊዜ መልእክት በሳተላይት ይልካሉ። የጋርሚን ኢንሪች መሣሪያዎች ደግሞ 66 ሳተላይቶች ባሉት በኢሪዲየም መረብ ስለሚሠሩ ሁለትዮሽ መልእክት ያስችላሉ፤ ወርኃዊ ክፍያ ግን አላቸው። ሦስተኛው አማራጭ በ406 ሜጋኸርዝ የጭንቅ ምልክት የሚልክ የግል መጥሪያ ነው። ይህ ምልክት የሚሄደው አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረት፣ ካናዳና ፈረንሳይ በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን አብረው ወደመሠረቱት ኮስፓስ-ሳርሳት ነው፤ ክፍያ አይጠይቅም። ሁሉም መሣሪያዎች ግን ሰማይ ማየት አለባቸው፤ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍና ጥልቅ ሸለቆ ምልክቱን ያዳክማሉ። መሣሪያው የሚቀመጥበት ቦታም ወሳኝ ነው፤ ብስክሌቱ ላይ ተገጥሞ ገደል የገባ መጥሪያ አይጠቅምም፣ ከሰውነት ጋር መታሰር አለበት።

ኩጋርን በተመለከተ የዋሽንግተን የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ምክር አጭርና ግልጽ ነው። አትሩጪ። የሚሸሽ ነገር የአውሬውን የማሳደድ ደመ ነፍስ ይቀሰቅሳል። ከብስክሌት ወርዶ፣ ብስክሌቱን በመካከል አድርጎ፣ ዓይን ዓይኑን እያዩ፣ ራስን ግዙፍ አስመስሎ መጮህና ቀስ ብሎ ማፈግፈግ ያስፈልጋል። ከመጣ መታገል ነው፤ የፎል ሲቲዎቹ ሴቶች ይህ እንደሚሠራ አሳይተዋል። ለድብ የሚረጨው የበርበሬ ስፕሬይም ይረዳል። በ2008 የታተመ የአላስካ ጥናት እንዳሳየው፣ ስፕሬዩ ቡናማ ድቦችን 92 በመቶ በሚሆኑት አጋጣሚዎች አስቁሟል። ቦርሳ ሥር የተቀበረ ስፕሬይ ግን ካለመያዝ አይሻልም።

ብዙ ሴቶች ከአውሬ ይልቅ የሚፈሩት ሰውን ነው፤ ይህን ፍርሃት ማቃለል ተገቢ አይደለም። እዚህ ላይ የጥበቃው አቅጣጫ ይገለበጣል፤ ያለችበትን ለሚወዷት መግለጥ፣ ለማታውቀው ሰው ግን መደበቅ ያስፈልጋል። ስትራቫ የተባለው የስፖርት ጉዞ መመዝገቢያ መተግበሪያ በኖቬምበር 2017 ያወጣው የዓለም ካርታ በሶርያና በአፍጋኒስታን የነበሩ ወታደሮች የሚሮጡባቸውን ጣቢያዎች ሳይቀር አጋልጧል። የወታደር ካምፕ ከተጋለጠ፣ ዘወትር ቅዳሜ በዚያው ሰዓት ከዚያው በር የምትነሣ ሴትም ትጋለጣለች። መተግበሪያው መነሻንና መድረሻን የመደበቂያ አማራጭ ስላለው እሱን ማብራት፣ ጉዞውንም ቤት ከገቡ በኋላ መለጠፍ ይበጃል።

ሲያትልና አካባቢዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ናቸው፤ የፎል ሲቲ ደንም ከእነሱ ሠፈር በመኪና ሩቅ አይደለም። እዚያ የምትነዳ ሐበሻ ሴት «የአደጋ ጊዜ ተጠሪ» በሚለው ቦታ ላይ አዲስ አበባ ያለች እናቷን ወይም እኅቷን ብትመዘግብ ስሜቱ ይገባል። ግን የ10 ወይም የ11 ሰዓት ልዩነት አለ፤ ከአዲስ አበባ 911 ቢደወልም የዋሽንግተን ነፍስ አድን አይነሣም። ተጠሪዋ እዚያው ከተማ ያለ ሰው ይሁን፤ የመንገዱን ስም፣ መኪናዋ የቆመበትን፣ የምትመለስበትን ሰዓትና «እስከዚህ ሰዓት ካልደወልኩ 911 ጥራ» የተባለበትን ሰዓት በጽሑፍ ይያዝ። እንጦጦ ፓርክ ላይ ለምትነዳዋም ያው ነው፤ በየትኛው በር እንደገባች የሚያውቅ ሰው ከተማ ውስጥ ይኑራት፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907ም በስልኳ ይመዝገብ።