አዲስ ፍሪሲዮን ለሃላሌ ዳገት

ከወላይታ ሶዶ በስተ ምዕራብ የኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ ዋና ከተማ ሃላሌ አለች። በዚህ አቅጣጫ ወደ ኦሞ ሸለቆ ጭነት ይዞ የሚመላለስ ሾፌር ሐሳቡ ሁለት ቦታ ይከፈላል፤ ሲወርድ ለፍሬኑ ይሰጋል፣ ሲመለስ ለፍሪሲዮኑ። ሶዶ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ሸለቆው ውስጥ ያለው የጊቤ 3 ግድብ ሐይቅ ግን ጢም ብሎ ሲሞላ እንኳ ከፍታው 900 ሜትር አይደርስም። በሁለቱ መካከል ያለውን ከ1,000 ሜትር በላይ ልዩነት መኪናው ጭኖ መውጣት አለበት።

አገሩ ከባድ መኪናን በደንብ ያውቃል። 243 ሜትር ከፍታና 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጊቤ 3 ሥራው በ1998 ዓ.ም ተጀምሮ ታኅሣሥ 2009 ዓ.ም እስኪመረቅ ድረስ ሲሚንቶው፣ ብረቱና ነዳጁ የተጓዘው በጭነት መኪና ነበር። ዛሬም ማዳበሪያው፣ ሲሚንቶውና እህሉ የሚወጣውና የሚወርደው በሲኖትራክ፣ በአይሱዙና በመሰሎቻቸው ነው። በእነዚህ ዳገቶች ላይ ከሁሉ በፊት እጅ የሚሰጠው ዕቃ ፍሪሲዮን ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ አሮጌው ፍሪሲዮን ማለቁ አይደለም፤ የሚለብሰው ሸራ ለማለቅ የተሠራ ነገር ነው። የሚያሳዝነው ገና ትናንት የተገጠመ አዲስ ፍሪሲዮን ሙሉ ጭነት ተጭኖበት በማግስቱ ዳገት ላይ ሲቃጠል ማየት ነው።

አዲስ ፍሪሲዮን ጋራዥ ውስጥ ቡሎኑ ስለጠበቀ ብቻ ሥራው አላለቀም። የቀረውን ሥራ የሚጨርሰው የሾፌሩ እግር ነው። ይህ ለምን እንደሆነ ለመረዳት መኪናው ሥር ገብቶ ማየት ያስፈልጋል።

ፍሪሲዮን በሞተሩና በካምቢዮው መካከል የተቀመጠ ማገናኛ ነው። ከሞተሩ በስተኋላ ቮላኖ የሚባለው ከባድ የብረት ጎማ አለ። ቮላኖው ላይ በሁለት ፊቱ ሸራ የለበሰው ዲስክ ይቀመጣል፣ ከዲስኩ ጀርባ ደግሞ በሞላ የሚገፋው ተጫኝ ሳህን ይመጣል። ሾፌሩ እግሩን ከፔዳሉ ሲያነሳ ሞላው ዲስኩን ከቮላኖው ጋር አጣብቆ ይይዘዋል፤ የሞተሩ ጉልበት ወደ ካምቢዮው የሚያልፈው በዚህ መጣበቅ ብቻ ነው። መንገዶቻችንን በሞላው ባለ 371 የፈረስ ጉልበት ሲኖትራክ ላይ የዲስኩ ስፋት 430 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ዲስክ ሳይንሸራተት ለመያዝ ሞላው ከሁለት ቶን በላይ በሆነ ኃይል መጫን ይኖርበታል። ሾፌሩ ፔዳሉን በአንድ እግሩ መርገጥ የሚችለው የንፋስ እገዛ ስላለው ነው።

አሁን ወደ አዲሱ ሸራ እንምጣ። ከካርቶኑ ሲወጣ ለዓይን ልሙጥ ነው። ቶርኖ ቤት ሄዶ የመጣው ቮላኖም እንደዚያው ያበራል። ይሁን እንጂ ሁለቱ ገና አልተዋወቁም። ፊታቸው ላይ ዓይን የማያየው ወጣ ገባ ስላለ መጀመሪያ ላይ የሚነካኩት ከፍ ከፍ ያሉት ቦታዎች ብቻ ናቸው። የሁለት ቶኑ ጫና በእነዚህ ጥቂት ነጥቦች ላይ ያርፋል፣ ሙቀቱም እዚያው ይከማቻል። መኪናው ቀስ እያለ ሲነሳና ሲቆም ከፍ ያሉት ነጥቦች ይላጫሉ፣ የሸራው ብናኝ ብረቱ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል፣ የሚነካካውም ስፋት እየጨመረ ሄዶ ሙሉው ፊት ይገጥማል። ፍሪሲዮን «ተላመደ» የምንለው ያኔ ነው።

ይህ ሳይሆን በፊት ኃይለኛ ሙቀት ከመጣስ? የተለመደው ሸራ ክሮችንና ብናኞችን በሙጫ አያይዞ በፋብሪካ የተጋገረ ነገር ነው። ድንገት ከልክ በላይ ሲግል ሙጫው ወደ ላይ ይወጣና ፊቱ እንደ መስታወት ይለሰልሳል። የለሰለሰ ሸራ ዳገት ላይ ይንሸራተታል፣ በተንሸራተተ ቁጥር ይበልጥ ይግላል፣ በጋለ ቁጥር ይበልጥ ይንሸራተታል። ቮላኖውም አይተርፍም፤ ሰማያዊ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ያበጃል፣ ሲብስም ይጣመማል። የሴራሚክ ሸራ ያላቸው መኪኖች ሙቀቱን የተሻለ ይችሉታል። እሱ ግን ጠንካራ ስለሆነ ከብረቱ ጋር ለመግጠም ጊዜ ይፈልጋል፣ ሲይዝም ነጠቅ አድርጎ ነው።

ሙቀቱ ምን ያህል ነው ለሚል ሰው ቀላል ስሌት አለ። መኪና ከቆመበት ሲነሳ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ቆይቶ በአንድ ፍጥነት ላይ ይቆልፋል። በሜዳ ላይ እንኳ ፍሪሲዮኑ የሚውጠው ሙቀት መኪናው በዚያች ቅጽበት የያዘውን የእንቅስቃሴ ጉልበት ያህል ነው። ጭነቱን ጨምሮ 40 ቶን የሚመዝን መኪና በአንደኛ ማርሽ ተነስቶ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ላይ ቢቆልፍ ሙቀቱ 39 ኪሎ ጁል ገደማ ነው። ሾፌሩ ማርሽ መቀያየሩን ሰልችቶ ከፍ ባለ ማርሽ ቢነሳና ፍሪሲዮኑ በ10 ኪሎ ሜትር ላይ ቢቆልፍ 154 ኪሎ ጁል ይደርሳል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ይህ ሁሉ የሚገባው በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ነው፣ በአዲስ ሸራ ላይ ደግሞ ጥቂት ነጥቦች ላይ።

ዳገት ላይ የባሰ ነው። ከፊት ያለው መኪና ሲቆም ፍሬን መያዝ ትቶ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ለቅቆ ነዳጅ እየሰጠ መኪናውን ባለበት የሚያቆም ሾፌር አለ። ያው 40 ቶን መኪና በ100 ሜትር 6 ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ በአንደኛ ማርሽ እንዲህ ቢያዝ ፍሪሲዮኑ ውስጥ ከ15 ኪሎ ዋት በላይ ሙቀት ይፈጠራል። አራት የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ ጊዜ ተለኩሶ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ እንደማስቀመጥ ነው። የረዳቱ ታኮ እና የእጅ ፍሬን የተፈለሰፉት ለዚህ ነው፤ ረዳቱ ጎማው ሥር ታኮ እስኪያደርግ መጠበቅ የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

ጥንቃቄው የሚጀምረው ገና ሲገጠም ነው። ቮላኖው ስንጥቅ ወይም ሰማያዊ ነጠብጣብ ካለው ቶርኖ ቤት ሄዶ ፊቱ መስተካከል ወይም መቀየር አለበት፤ በአሮጌ ቮላኖ ላይ አዲስ ሸራ መደረብ ገንዘብ መጣል ነው። ካምቢዮው ከወረደ የፍሪሲዮኑን ኩሽኔታ አብሮ መቀየር፣ ፓራኦሊዮው ዘይት እንዳያፈስ ማየት ይገባል። ሸራውን ግራሶ በነካ እጅ መያዝ አይቻልም፣ የተጫኙ ሳህን ቡሎኖችም በአንድ ወገን ሳይሆን ፊት ለፊት እየተሻገሩ በደረጃ ይጠብቃሉ። አንድ ነገር ለመካኒኮች ጤና ልጨምር፦ የድሮ ሸራዎች አስቤስቶስ ነበራቸው፣ ብናኙም ሳንባን የሚጎዳ ነው። የፍሪሲዮኑን ቤት በኮምፕሬሰር ንፋስ ከማስነፋት በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይሻላል።

ከተገጠመ በኋላ ብዙ ጋራዥ የሚያደርገው ሙከራ አለ። የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ መኪናው ከፍ ባለ ማርሽ ገብቶ ፍሪሲዮኑ ይለቀቃል፤ ሞተሩ ከጠፋ «ይይዛል» ይባላል። አሮጌ ፍሪሲዮን ማለቁን ለማወቅ አንድ ጊዜ ቢደረግ ይሁን። አዲሱን በዚህ መንገድ ደጋግሞ መፈተን ግን ገና ያልገጠመውን ፊት ማቃጠል ነው።

ማላመድ ራሱ ቀላል ነው፤ የሚጠይቀው ትዕግሥት ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት መኪናው ባዶውን ወይም በግማሽ ጭነት ይሥራ። ሁልጊዜ በአንደኛ ማርሽ፣ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር እንዳለ ይነሳ። ፔዳሉ ሳይነጠቅም ሳይጎተትም ይለቀቅ፣ መኪናው እንደያዘ ደግሞ እግር ሙሉ በሙሉ ከፔዳሉ ይውረድ። እግሩን ፔዳል ላይ አሳርፎ የሚነዳ ሾፌር ሳያውቀው የሞላውን ጫና ይቀንሳል፣ ኩሽኔታውንም ይበላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነጥብ ላንሳ። «ሶዶ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ይሂድ፣ ይላመዳል» ይባላል። መንገዱ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሆኖም አውራ ጎዳና ላይ ፍሪሲዮን ተቆልፎ ነው የሚውለው፣ የተቆለፈ ሸራ ደግሞ አይፋተግም። ለትንንሽ መኪኖች ብዙ ጊዜ የሚመከረው 800 ኪሎ ሜትር ራሱ የሚታሰበው በከተማ መንዳት፣ ማለትም መነሳትና መቆም በበዛበት መንገድ ነው። ስለዚህ ቁም ነገሩ በየመሀሉ እየበረደ ስንት ጊዜ ተነሳ የሚለው ነው። በሶዶ ከተማ ውስጥ ሜዳ ሜዳውን ቀላል ዕቃ ማመላለስ፣ ወይም በደጋው ላይ ወደ ቦዲቲ እየቆሙ እየተነሱ መሥራት ከአንድ ረጅም ጉዞ የበለጠ ያላምዳል። የኦሞን ዳገት ለኋላ ማቆየት ነው።

በነዚህ ቀናት ትንሽ ሽታ ቢመጣ አያስደነግጥም። ሽታው ከበረታ ግን መኪናውን ሜዳ ቦታ አቁሞ፣ ማርሹን አውጥቶ፣ እግርን ከፔዳሉ አንስቶ ሞተሩን በዝቅተኛ ዙር ማቆየት ነው። ዲስኩና ቮላኖው አብረው ሲዞሩ ንፋስ ይስባሉ፣ ሙቀቱም ይበተናል። ወዲያው ሞተር ማጥፋት ሙቀቱን እዚያው ያስቀረዋል። ሸራው ሲገጥም ትንሽ ስለሚሳሳ በእጅ የሚስተካከል ፍሪሲዮን ያለው መኪና ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ ጋራዥ ተመልሶ የፔዳሉ ነፃ እንቅስቃሴ ይለካ። ነፃ እንቅስቃሴ ያጣ ፔዳል ኩሽኔታውን ሁልጊዜ ስለሚያስነካው ሞላው በሙሉ ኃይሉ እንዳይጫን ያደርጋል፤ አዲስ ፍሪሲዮን «ሳይነካ» የሚንሸራተተው አንዳንዴ በዚህ ነው።

ይህን ሁሉ ብዙዎቹ ሾፌሮች ያውቁታል። በማግስቱ ሙሉ ጭነት የሚያስጭነው አብዛኛውን ጊዜ የባለንብረቱ ጥድፊያ ነው፤ መኪናው ጋራዥ ቆሞ የከሰረበትን በአንድ ጉዞ ሊያካክስ ይፈልጋል። ባለንብረቶች ሆይ፣ ካምቢዮ ሁለተኛ ጊዜ ማውረድ፣ ዲስክ ሁለተኛ ጊዜ መግዛትና መኪናውን ዳገት ላይ አስቁሞ ጭነቱን ወደ ሌላ መኪና ማሸጋገር የሚያስከትለው ኪሳራ ከጥቂት ቀናት ቀላል ሥራ በብዙ ይበልጣል። ፍሪሲዮን ባስገጠማችሁ ሳምንት ሾፌራችሁን «ለምን ግማሽ ጫንክ?» ብላችሁ አትቆጡት፤ እንዲያውም ግማሽ እንዲጭን እናንተው ቀድማችሁ እዘዙት።