ሁለት እግርና ሁለት ጎማ በክረስትድ ቢዩት ተራሮች

አንባቢ ሆይ፤ የአሜሪካን ካርታ ያገኙ እንደሆነ ዘርግተው ኮሎራዶ የተባለውን ስቴት ይፈልጉ። ከመካከሉ ወደ ምዕራብ፣ የሮኪ ተራሮች ከተደረደሩበት ላይ፣ ተቀራርበው የተጻፉ ሁለት የከተማ ስሞች ያገኛሉ። አንዷ አስፐን፣ ሁለተኛዋ ክረስትድ ቢዩት ትባላለች። በጣት ቢለኩ ጎረቤታሞች ናቸው። ነገር ግን በመኪና ከአንዷ ወደ ሌላዋ ለመድረስ ተራራውን እየዞሩ 160 ኪሎ ሜትር ያህል መሄድ ግድ ነው። እግሩን የሚያምን ሰው ግን የመኪናው መንገድ ከሚያበቃበት ተነሥቶ በ17 ኪሎ ሜትር የእግር መንገድ ተራራውን ተሻግሮ ከማዶ ይወርዳል።

ተራራውን ለመሻገር የሚያስችሉ፣ ስማቸው የገነነ ሁለት በሮች አሉ። «በር» ማለታችን፣ ጣርማ በር እንደምንለው፣ ተራራው ዝቅ ብሎ መንገደኛ የሚያሳልፍበት ቦታ ነው። ምዕራብ ማሩን በር የተባለው ለእግረኛና ለፈረሰኛ ብቻ የተፈቀደ ሲሆን፣ ፐርል በር የተባለው ብስክሌትም የሚያልፍበት ነው። ይህ ልዩነት ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ስለ ከተማዋ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ክረስትድ ቢዩት ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት ትንሽ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በ300 ሜትር ያህል ትበልጣለች ማለት ነው። ስሟን ያገኘችው ከአጠገቧ ብቻውን ተገንጥሎ ከቆመው፣ አናቱ ቁንጮ ካወጣው ተራራ ነው። አገሩ አስቀድሞ የዩት ሕዝብ ነበር። በ1881 ግድም እነርሱ ከዚያ በግድ ተባረሩ፤ በዚያው ዓመት ባቡር ገባ፤ ከባቡሩም ጋር የድንጋይ ከሰል ሥራ ተስፋፋ። ከክሮኤሽያ፣ ከስሎቬንያ፣ ከኢጣልያና ከሌላም አገር የመጡ ድኾች ከመሬት በታች ገብተው ቆፈሩ። በጥር ወር 1884 ጆከርቪል በተባለው ጉድጓድ ውስጥ ጋዝ ፈንድቶ ወደ 60 የሚጠጉ ሠራተኞች ሞቱ፤ ከነዚህም ውስጥ ገና ልጆች የነበሩ አሉበት። ሥራው ግን አልቆመም። ትልቁ ማዕድን በ1952 ሲዘጋ ብዙው ሰው ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ፤ ብዙም ሳይቆይ ሐዲዱ ተነቀለ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በከተማዋ አጠገብ የበረዶ ሸርተቴ ተከፈተና ክረስትድ ቢዩት ከመሞት ተረፈች። ሸርተቴ ግን የብርድ ወራት እንጀራ ነው፤ በበጋው ምን ይበላል?

መልሱ የመጣው ከቆሻሻ ክምር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1970ዎቹ የከተማዋ ጎዳናዎች በአብዛኛው አስፋልት ስላልነበራቸው፣ ወጣቶቹ የአባቶቻቸውን ዘመን ወፋፍራም ጎማ ያላቸው ከባድ ብስክሌቶች ከየጓዳውና ከየመጣያው እየለቀሙ፣ እየጠጋገኑ፣ ወደ ፖስታ ቤትና ወደ መጠጥ ቤት ይሄዱባቸው ነበር። እነዚህ ብስክሌቶች ማርሽ የላቸውም። ፍሬናቸውም ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት የሚይዝ ዓይነት ነው። ታሪኩ እንደሚነገረው፣ በ1976 ጥቂት የአስፐን ሰዎች በሞተር ብስክሌት ፐርል በርን ተሻግረው መጡና መኪኖቻቸውን በኩራት ከመጠጥ ቤቱ ደጃፍ ደርድረው አቆሙ። የክረስትድ ቢዩት ልጆች ይህ አንገበገባቸው። በመስከረም ወር ወደ 15 የሚሆኑ ሰዎች እነዚያን አሮጌ ብስክሌቶች ይዘው፣ አንዳንዴ እየነዱ፣ ብዙውን ጊዜም እየገፉ፣ 3,872 ሜትር ከፍታ ያለውን ፐርል በርን ተሻገሩ። ሌሊቱን በተራራው ላይ አድረው በማግሥቱ አስፐን ገቡ። ለውርርድ ያህል የተደረገ ነገር ነበር እንጂ አንዳቸውም አዲስ ስፖርት እንፈጥራለን ብለው አልተነሡም።

በዚያው ጊዜ ከሳን ፍራንሲስኮ ወዲያ ማዶ ባለው በማሪን አውራጃ ሌሎች ወጣቶች የዚህን ዓይነት ብስክሌት ከተራራ ቁልቁል ይወዳደሩበት ነበር። መንገዱ ቁልቁለቱ ከመብዛቱ የተነሣ ፍሬኑ እየጋለ ውስጡ ያለው ግራሶ ተቃጥሎ ይጨስ ነበርና፣ ከእያንዳንዱ ግልቢያ በኋላ አዲስ ግራሶ መሙላት ነበረባቸው። ውድድሩ «ሪፓክ»፣ ማለት «እንደገና መሙላት»፣ የተባለው በዚህ ምክንያት ነው። ከነርሱ አንዱ ጆ ብሪዝ በ1977 ለዚህ ሥራ የሚሆን ጠንካራ ብስክሌት በገዛ እጁ ሠራ። በ1978 እርሱና ጓደኞቹ ጋሪ ፊሸርና ቻርሊ ኬሊ፣ እንዲሁም ዌንዲ ክራግ የተባለች ሴት፣ ባለ ማርሽ ብስክሌቶቻቸውን ጭነው የፐርል በርን ጉዞ ለመካፈል ወደ ክረስትድ ቢዩት መጡ። የተራራዎቹ ልጆች ስለ ማርሽ ጥቅም የተማሩት ያን ጊዜ ነው፤ ሲገፉት የኖሩትን ዳገት ሌላው ተቀምጦ ሲወጣው ማየት ጥሩ ትምህርት ነው። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚሸጠው የተራራ ብስክሌት የትውልድ ሐረጉ የሚቆጠረው ከነዚህ ሰዎች ነው።

እንግዲህ ይህ ብስክሌት ባደገበት ተራራ ላይ ስለ ምን አንደኛው በር ተከለከለበት? በ1964 የአሜሪካ መንግሥት ሰው ያልነካቸውን አገሮች የሚጠብቅ ሕግ አወጣ። በአስፐንና በክረስትድ ቢዩት መካከል ያለው የማሩን ቤልስ ተራራ ከመጀመሪያዎቹ ጥብቅ ቦታዎች አንዱ ሆነ። ሕጉ ሞተርን ብቻ ሳይሆን «ሜካኒካዊ ማጓጓዣ» የተባለውን ሁሉ ይከለክላል። ሕጉ ሲጻፍ የተራራ ብስክሌት ገና አልተፈጠረም፤ በ1984 ግን የደን መሥሪያ ቤቱ ደንብ ብስክሌትን በስሙ ጠርቶ ከለከለ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም። ብስክሌተኞቹ «የፈረስ ኮቴ ከጎማችን ይልቅ መንገዱን ይቆፍረው የለም ወይ?» ይላሉ፤ ነገራቸውም ፈጽሞ ውሸት አይደለም። የኔን አስተያየት የጠየቁኝ እንደሆነ ግን፣ አንድ ቀን ሙሉ የጎማ ድምፅ የማይሰማበት መንገድ ቢቀር ማንንም አይጎዳም ባይ ነኝ። ለጎማ የተፈቀደው አገር ደግሞ ለአንድ ሰው ዕድሜ ይበቃል።

በእግርዎ ለመሄድ የመረጡ እንደሆነ የመጀመሪያው ነገር ሰዓት ነው። ፈረንጆቹ በጋ የሚሉት ወራት የኛ ክረምት ነው፤ በኮሎራዶ ተራሮችም በሐምሌና በነሐሴ የሚሆነው ለኛ እንግዳ አይደለም። ማለዳው ጥርት ያለ ነው። ፀሐይዋ ተዳፋቱን ስታሞቀው ከደቡብ የመጣው እርጥብ አየር ሽቅብ ይወጣል፤ ከቀትር በኋላ ደመናው እንደ ቤት ይቆለልና ነጎድጓድ ይጀምራል። ስለዚህ የአገሩ ሰዎች ጎሕ ሲቀድ ይነሡና፣ በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6 ሰዓት ሳይሞላ ከበሩ ወርደው ከዛፍ ጥግ ለመግባት ይጥራሉ። ዛፍ የሚያበቃው ከ3,500 ሜትር ግድም ላይ ነው። ምዕራብ ማሩን በር ግን 3,800 ሜትር ያህል ነውና ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ሣርና ድንጋይ ነው። በዚያ ሸንተረር ላይ ቆሞ የተገኘ ሰው ከሁሉ የረዘመው ነገር ራሱ ነው። ብዙ ሰዎች ብረት መብረቅ ይስባል እያሉ ምርኩዛቸውን ጥለው እዚያው ይቆማሉ። መብረቅ ይልቁንም የሚፈልገው ከፍ ብሎ ለብቻው የቆመውን ነው፤ የሚያድነውም መውረድ ብቻ ነው። ብቸኛ ዛፍ ሥር መጠለልም መጠለል አይባልም። ጫፉ ሊደረስ 20 ደቂቃ ሲቀር መመለስ ያስቆጫል፤ ቢሆንም ደመናው ከጠቆረ ይመለሱ።

ሁለተኛው ነገር ትንፋሽ ነው። በበሩ ላይ ያለው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው ሁለት ሦስተኛውን እንኳ አይሞላም። በአዲስ አበባ ያደገ ሰው ሳንባው ይህን ያውቀዋል ብለን እንኮራ ይሆናል፤ ነገር ግን ብዙ ዓመት በቆላ ከተማ የተቀመጠ ሰው ትውልዱ ደጋ ስለሆነ ብቻ አይድንም። አንድ ሁለት ቀን በከተማዋ አርፈው ይውጡ። ራስ ምታቱ እየጨመረ፣ ማቅለሽለሽም የመጣ እንደሆነ፣ መድኃኒቱ ቁልቁለት ነው። ከምንጩ ውሃ ሳያፈሉ ወይም ሳያጣሩ አይጠጡ፤ ጥርት ብሎ ቢታይም ሆድ የሚያውክ ጃርድያ የተባለ ተውሳክ ሊኖርበት ይችላል።

ብስክሌተኛው ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው። ከሁሉ ዝነኛ የሆነው መንገድ «401» በቁጥር ብቻ የሚጠራው ነው። ከስኮፊልድ በር ተነሥቶ ጥቂት ከወጣ በኋላ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ቀጭን መንገድ ሆኖ በተዳፋቱ ላይ ወደ ጎቲክ ሸለቆ ይወርዳል። በሐምሌ አበባው ከመሪው በላይ ያድጋልና የፊት ጎማ የሚያርፍበት እንኳ በግምት ነው። ለጀማሪ ይህ አይመከርም፤ «ሎወር ሉፕ» የተባለው በወንዙ አቅጣጫ የሚሄድ ለዘብ ያለ መንገድ አለለት። ደንቡ አጭር ነው፤ ብስክሌተኛ ለእግረኛና ለፈረስ ይለቃል፤ የሚወርደው ለሚወጣው ይለቃል። ፈረስ ያጋጠመዎት እንደሆነ ወርደው ይቁሙ፣ ለባለቤቱም ድምፅዎን ያሰሙት። በረት ያገኙ እንደሆነ፣ ተዘግቶ ከነበረ ዘግተው፣ ተከፍቶ ከነበረ እንደ ተከፈተ ትተው ይለፉ፤ በዚያ አገር ከብት ይሰማራልና። ጭቃ በሆነ ቀን አለመንዳት ደግሞ በደንብ ባይጻፍም ጨዋነት ነው፤ ጎማው የቀደደው ጭቃ ሲደርቅ ቦይ ይሆናል።

ስለ አበባው ሳልናገር ባልፍ ይታዘቡኛል። ክረስትድ ቢዩት የኮሎራዶ የዱር አበባ ዋና ከተማ ትባላለች። በሐምሌ ተዳፋቱን የሚያለብሰው ሐምራዊው ሉፒን ከጎጃሙ ግብጦ ጋር የአንድ ወገን ዘመድ ነው፤ ከአጠገቡ ያለው ቢጫ ደግሞ አደይ አበባን ያስናፍቃል። የብር ማዕድን ፈላጊዎች ትተዋት በሄዱት በጎቲክ መንደር ከ1928 ጀምሮ የሥነ ሕይወት ምርምር ጣቢያ ተቋቁሟል። ተመራማሪዎቹ ከ1970ዎቹ ጀምሮ አበባዎቹን በየበጋው እየቆጠሩ ሲመዘግቡ፣ በረዶው ቀድሞ እየቀለጠ ብዙዎቹ ዕፅዋት ከቀድሞው ይልቅ ፈጥነው እንደሚያብቡ አስተውለዋል። ስለዚህ ከመንገዱ ወጥተው አበባ መካከል ገብተው ፎቶግራፍ አይነሡ፤ የረገጡት የአንድ ሰው የብዙ ዓመት ሥራ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ውበት በነጻ የተገኘ አይደለም። በ1977 አማክስ የተባለ ትልቅ ኩባንያ ከከተማዋ በላይ ባለው በኤመንስ ተራራ ውስጥ ሞሊብደነም የተባለውን ማዕድን ለማውጣት ተነሣ። ከንቲባው ደብልዩ ሚቸል ሰውነቱ በእሳት ክፉኛ የተጎዳና በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ነበር፤ ከነዋሪዎቹ ጋር ሆኖ ኩባንያውን ተከራከረ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የማዕድኑም ዋጋ ወደቀ፤ ኩባንያውም ሐሳቡን ተወው። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ችግር መጣ። ተራራው ሳይቆፈር ስለ ቀረ ሀብታሞች ወደዱት፤ የቤት ዋጋም ሰማይ ነካ። በ2021 የከተማው ምክር ቤት ስለ መኖሪያ ቤት እጥረት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እስከ ማወጅ ደረሰ። ቡና የሚቀዳልዎት ልጅ፣ ብስክሌት የሚያከራይዎት ወጣት፣ ብዙውን ጊዜ 45 ኪሎ ሜትር ርቃ ካለችው ከጋኒሰን እየተመላለሰ የሚሠራ ነው። የዛሬው እንግዳ ገንዘቡን የሚከፍለው የማን ከተማ ሆና ለቀረች ከተማ እንደሆነ ቢያስብበት አይከፋም።

በዴንቨርና በኦሮራ ያሉ ወገኖቻችን በመኪና ከ4 ሰዓት በላይ ተጉዘው ይደርሳሉ። ከከተማዋ ወደ ሸርተቴው መንደር የሚወስደው፣ በሥዕል ያሸበረቀው አውቶቡስ ገንዘብ አያስከፍልም። በምዕራብ ማሩን በር ወደ አስፐን የሚሻገሩ ሰዎች መኪናቸው ከማዶ ስለሚቀር ብልኃት አላቸው። ሁለት ጓዶች ከሁለቱም ወገን ይነሡና በበሩ ላይ ተገናኝተው፣ ምሳ በልተው፣ የመኪና ቁልፍ ተለዋውጠው ይለያያሉ። ፐርል በርን በብስክሌት ለመሞከር ያሰቡ ግን ቢያንስ የሐምሌን አጋማሽ ይጠብቁ፤ ከዚያ በፊት መንገዱን በረዶ ሊዘጋው ይችላል።