ነፃ ሶፍትዌር ከሚሸጠው ጋር ሊወዳደር ይችላልን?

አንባቢ ሆይ፤ የትምህርት ቤት ጽሑፍህን ወይም የመሥሪያ ቤትህን ደብዳቤ በኮምፒዩተር ስትጽፍ፣ የምትጽፍበት ሶፍትዌር የማን እንደ ሆነ አስበህ ታውቃለህን? «በነፃ የሚገኝ ነገር ምን ይረባል?» የሚሉ ብዙ ናቸውና ነገሩን እስቲ አብረን እንመርምረው።

ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው «ሙያ በልብ ነው» ብሎ አሠራሩን ይሸሽግና የመገልገያ ፈቃዱን ብቻ ይሸጣል። ሁለተኛው ግን ወጡን ሲሰጥ የቅመሙንም ልክ አብሮ ይነግራል፤ የፈለገ ይማርበታል፣ ያሻሽለዋል፣ ለሌላውም ያካፍላል። «ነፃ» የሚባለውም ስለ ዋጋው ሳይሆን ስለዚህ ነፃነት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊኑክስን ጀምሮ ለሁሉ ገለጠው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ በየአገሩ ያሉ ባለሙያዎች፣ ከታላላቅ ኩባንያዎች ደመወዝ የሚቀበሉትም ጭምር፣ አሳደጉት። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2017 ጀምሮ በዓለም ፈጣኖች ተብለው የሚመዘገቡት 500 ኮምፒዩተሮች ሁሉ የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። የአንድሮይድ ስልክ ካለህም ሊኑክስ በኪስህ አለ። እንግዲህ በጉልበት በኩል ክርክር የለም።

በጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ ግን ነገሩ ይከብዳል። የጀርመን ከተማ ሙኒክ እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ ነፃ ሶፍትዌር ለመዛወር ወስና፣ እስከ 2013 ድረስ 15,000 ያህል ኮምፒዩተሮቿን አዛወረች። በ2017 ግን የከተማው ምክር ቤት ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወሰነ። ጥፋቱን አንዳንዶች በሶፍትዌሩ፣ ሌሎች በአስተዳደሩ ላይ ጣሉት። ትምህርቱ ይህ ነው፤ ፈቃዱ በነፃ ቢገኝም ሠራተኛ ማሠልጠን፣ የቆዩ ሰነዶችን ማዛወር፣ ችግር ሲደርስ የሚያቃና ባለሙያ መቅጠር ገንዘብ ይጠይቃል። በዎርድ ተጽፎ የመጣ ደብዳቤም በሊብሬኦፊስ ሲከፈት አንዳንድ ጊዜ ሰንጠረዡ ይዛባል።

ይህ ሁሉ እየታወቀ፣ ሽሌስቪግ-ሆልሽታይን የተባለው የጀርመን ክፍለ አገር እ.ኤ.አ. በ2024 የ30,000 ኮምፒዩተሮቹን የቢሮ ሥራ ወደ ሊብሬኦፊስ ለማዛወር ወሰነ። ስለ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የመንግሥት መዝገብ ቁልፍ በሻጭ እጅ እንዳይቀር አስቦ ነው።

አንተስ? ተማሪ ከሆንህና ፈቃድ ለመግዛት አቅም ካነሰህ፣ የተሰረቀ ቅጂ ከመጫንህ በፊት ሊብሬኦፊስን ሞክረው፤ ምናሌው በአማርኛም ይገኛል። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንህ ግን ጽሑፍህ የሚሄድበት መሥሪያ ቤት በምን እንደሚሠራ አስቀድመህ ጠይቅ፤ አንድ ሰነድም ልከህ ፈትን። ነፃው ሶፍትዌር የሚጠቀምበት ኦዲኤፍ የተባለው የሰነድ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2006 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኗልና፣ ማንኛውም ሠሪ ሊያነበው ይችላል።

ስለዚህ ሶፍትዌር ስትመርጥ «ዋጋው ስንት ነው?» ብለህ ብቻ አትለፍ። «ዛሬ የጻፍሁትን ከሃያ ዓመት በኋላ የማንንም ፈቃድ ሳልለምን መክፈት እችላለሁን?» ብለህም ጠይቅ።