እጅን ወደ ክምሩ ውስጥ መስደድ፦ የዘመኑ ላቦራቶሪ ስለምንበላው ነገር ምን ይነግረናል?



መምህር በነበርኩበት ጊዜ ነው። አንድ ተማሪዬ ከክፍል በኋላ ጠብቆኝ አክስቱ ከጀርመን ያመጣችለትን ለስላሳ ከረሜላ አሳየኝ። «ኡስታዝ፣ ይሄን መብላት እችላለሁ?» አለኝ። ማሸጊያውን ገልብጬ አነበብኩ። «ጄላቲን» ይላል፤ ከየትኛው እንስሳ እንደተሠራ ግን አይልም። ከአሳማ ይሁን ከከብት በመልክም፣ በሽታም፣ በጣዕምም አይለይም። «ለጊዜው ተወው» አልኩት። ልጁ ከረሜላውን ተወው፤ ጥያቄው ግን እኔን አልተወኝም። ዓይንና ምላስ የማይለዩትን ነገር በምን እናውቀዋለን?

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። በሰሒሕ ሙስሊም እንደተዘገበው ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ አንድ የእህል ክምር አዩ። እጃቸውን ወደ ክምሩ ውስጥ ሰደዱ፤ ጣቶቻቸው እርጥበት አገኙ። ላዩ ደረቅ፣ ውስጡ እርጥብ ነበር። ሻጩንም እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ባለማድረጉ ገሠጹት። እዚህ ላይ ትልቅ ትምህርት አለ፤ የገዢ ዓይን የሚያየው የክምሩን ላይ ብቻ ነው፣ ማታለልም የሚደበቀው ውስጥ ነው። በዛሬው ጽሑፌ የማወራችሁ የላቦራቶሪ መሣሪያዎች በአጭሩ ወደ ክምሩ ውስጥ የሚገቡ እጆች ናቸው።

ከሚዛን የጀመረ ታሪክ

የመጀመሪያው የምርመራ መሣሪያ ሚዛን ነው። በመርው ከተማ በሰልጁቁ ሱልጣን ሰንጀር ዘመን የኖረው አልኻዚኒ በ515 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ 1121) «ሚዛኑል ሒክማ» የተባለ መጽሐፍ ጽፏል። መጽሐፉ ከሚያስረዳቸው ነገሮች አንዱ ንጹሕ ወርቅን ከተቀላቀለበት መለየት ነው። ዘዴው ቀላል ይመስላል፤ ዕቃውን በአየር ላይ መመዘን፣ ከዚያም ውኃ ውስጥ አጥልቆ እንደገና መመዘን። ወርቅ ከእኩል መጠን ውኃ 19 እጥፍ ገደማ ይከብዳል፤ ብር ግን 10 እጥፍ ተኩል ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ብር የተቀላቀለበት ወርቅ ውኃ ውስጥ ሲገባ ክብደቱ ያጋልጠዋል። ዕቃው አይቀልጥም፣ አይቆረጥም፤ ሚዛኑ ብቻ ይመሰክራል።

ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ መቶ ዓመት አልፏል። ዛሬም በትልልቅ ላቦራቶሪዎች የሚሠራው ሥራ በመሠረቱ ሁለት ነው፤ መለየትና መመዘን። የተለወጠው የሚመዘነው ነገር መጠን ነው። አልኻዚኒ ጌጥ መዘነ፤ የዛሬው መሣሪያ ነጠላ ሞለኪውል ይመዝናል።

መለየት

ይህንን ቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ነጭ ለስላሳ ወረቀት (የቡና ማጥለያ ወይም ናፕኪን) በቀጭኑ ቁረጡ። ከግርጌው ከፍ አድርጋችሁ በውኃ በሚለቅ ጥቁር እስክሪፕቶ ነጥብ አድርጉበትና ጫፉን ብቻ ውኃ አስነኩት። ውኃው ወደ ላይ ሲሳብ ጥቁሩ ቀለም ብዙ ጊዜ ወደ ሰማያዊ፣ ቀይና ቢጫ ሲበተን ታያላችሁ። አንዱ ቀለም ከወረቀቱ ጋር ስለሚጣበቅ ይዘገያል፤ ሌላው ከውኃው ጋር ስለሚስማማ ይቀድማል።

ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሚካኤል ጽቬት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ይህንኑ በኖራ ዱቄት በተሞላ የመስታወት ቱቦ አደረገው። የቅጠል ጭማቂ ከላይ አፈሰሰ፤ አረንጓዴውና ቢጫው በየተራ ተለያይተው ወረዱ። ዘዴውን ክሮማቶግራፊ ብሎ ሰየመው። እንግሊዛውያኑ አርቸር ማርቲንና ሪቻርድ ሲንጅ ዘዴውን በማሻሻላቸው እ.ኤ.አ በ1952 የኖቤል ሽልማት አገኙ። በዚያው ዓመት ማርቲን ከባልደረባው ጋር ሆኖ ነገሮችን በጋዝ መልክ የሚለየውን ዓይነት ይፋ አደረገ። ዛሬ በአንድ መጠጥ ውስጥ ምን ያህል አልኮል እንዳለ በዚህ ዘዴም ይለካል።

መመዘን

ከተለየ በኋላ «ይህ ምንድን ነው?» የሚለው ይቀራል። እዚህ ላይ ማስ ስፔክትሮሜትር የተባለው መሣሪያ ይገባል። ሞለኪውሉን በኤሌክትሪክ ይሞላውና አየር በሌለበት ክፍል ውስጥ ያስወነጭፈዋል። ቀላሉ በቶሎ ይታጠፋል፣ ከባዱ ይዘገያል። ከአካሄዱ ክብደቱ ይታወቃል።

ለረጅም ጊዜ ግን አንድ ትልቅ ችግር ነበር። እንደ ፕሮቲን ያሉ ትልልቅ ሞለኪውሎች በኤሌክትሪክ ሊሞሉ ሲሞከር ይሰባበሩ ነበር። በ1980ዎቹ አሜሪካዊው ጆን ፌን ፈሳሹን በኤሌክትሪክ ኃይል እንደ ጉም በመርጨት፣ ጃፓናዊው ኮይቺ ታናካ ደግሞ በሌዘር፣ ፕሮቲኖችን ሳይሰብሩ መመዘን የሚቻልበትን መንገድ አገኙ። እ.ኤ.አ በ2002 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኑ። የተማሪዬን ጥያቄ የመለሰው በር የተከፈተው ያኔ ነው።

የጄላቲን ምስጢር

ጄላቲን ከእንስሳት ቆዳና አጥንት ይወጣል። በአሲድ ወይም በአልካሊ ተዘፍዝፎ፣ በሙቅ ውኃ ተቀቅሎ፣ ተጣርቶ ስለሚመረት የእንስሳው ዲኤንኤ በአብዛኛው ይበጣጠሳል። ስለዚህ ለጥሬ ሥጋ እጅግ አስተማማኝ የሆነው የዲኤንኤ ምርመራ እዚህ ሊያቅተው ይችላል። ፕሮቲኑ ግን ይቀራል።

ፕሮቲንን እንደ ሙስበሓ አስቡት። ዶቃዎቹ አሚኖ አሲድ ይባላሉ። የአሳማና የከብት ሙስበሓ እጅግ ይመሳሰላሉ፤ ሆኖም አልፎ አልፎ በአንዱ ቦታ ላይ የተሰካው ዶቃ ይለያያል። ባለሙያው ሙስበሓውን ትሪፕሲን በተባለ ኢንዛይም በታወቁ ቦታዎች ላይ ይቆርጠዋል። ቁርጥራጮቹ በክሮማቶግራፊ ይለያያሉ፤ ከዚያም በማስ ስፔክትሮሜትር አንድ በአንድ ይመዘናሉ። አንድ ዶቃ ከተለየ ክብደቱ ይለያል። በአሳማ ብቻ የሚገኘው ቁርጥራጭ ከታየ ነገሩ ታወቀ። ከከብት ጄላቲን ጋር ተቀላቅሎ ቢመጣም መሣሪያው ሁለቱን ለይቶ ያያቸዋል።

መሣሪያ ሲታለልና ሲያጋልጥ

የመሣሪያ መሻሻል የምሁራን ቅንጦት እንዳልሆነ ሁለት ክስተቶች ያሳያሉ።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ በ2008 በቻይና የተፈጸመው ነው። የወተት ፕሮቲን ለረጅም ጊዜ ሲለካ የኖረው ዴንማርካዊው ዮሃን ኬልዳል በ1883 ባስተዋወቀው ዘዴ ነው። ዘዴው ፕሮቲኑን በቀጥታ አያይም፤ ናይትሮጅን ይቆጥርና ከዚያ ያሰላል። አጭበርባሪዎች ይህንን አወቁ። በውኃ በቀጠነ ወተት ላይ ሜላሚን የተባለ የፋብሪካ ኬሚካል ጨመሩበት። ሜላሚን ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛው ናይትሮጅን ስለሆነ መለኪያው «ፕሮቲኑ ሙሉ ነው» አለ። ወደ 300,000 የሚጠጉ ሕፃናት ታመሙ፤ ስድስት ሞቱ። ክምሩ ከላይ ደረቅ ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሜላሚንን ራሱን ለይተው የሚመዝኑት መሣሪያዎች በወተት ምርመራ ላይ ዋና ቦታ ያዙ።

ሁለተኛው በአውሮፓ ያሉ ወንድሞችና እህቶች የሚያስታውሱት ነው። እ.ኤ.አ በጥር 2013 የአየርላንድ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን 27 ዓይነት የበሬ ሥጋ በርገሮችን በዲኤንኤ መርምሮ ውጤቱን ይፋ አደረገ። በ10ሩ የፈረስ፣ በ23ቱ ደግሞ የአሳማ ዲኤንኤ ተገኘ። ከናሙናዎቹ በአንዱ ከሥጋው 29 በመቶው ፈረስ ነበር። የአሳማው በአብዛኛው እጅግ ጥቂት መጠን ነበር። ማሸጊያው ላይ ግን «የበሬ ሥጋ» ነበር የሚለው።

ምን ያህል ጥቂት?

አፍላቶክሲን በእርጥብ እህልና በፋጉሎ ላይ የሚያድግ የሻጋታ መርዝ ነው። ላም የሻገተ መኖ ስትበላ መርዙ መልኩን ለውጦ ወደ ወተቷ ይገባል። አገራችንንም በቀጥታ የሚነካ ጉዳይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በአንድ ኪሎ ወተት ከ0.05 ማይክሮግራም በላይ እንዳይገኝ ይከለክላል። ይህ ማለት አንድ ግራም በ20,000 ቶን ወተት ውስጥ እንደማለት ነው። እያንዳንዳቸው 20 ቶን የጫኑ አንድ ሺህ ቦቴዎች ተደርድረው አንድ ግራም መርዝ በሁሉም ውስጥ ቢበተን፣ የዛሬው መሣሪያ ያገኘዋል።

ጥያቄው ከላቦራቶሪ ወደ ፍቅህ ሲሻገር

መሣሪያው እንዲህ ሲራቀቅ ለእኛ አዲስ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። የቀደሙት ዑለሞች ስለ ነጃሳ ሲናገሩ በአብዛኛው ቀለምን፣ ሽታንና ጣዕምን መለኪያ አድርገዋል። አሁን ግን ዓይን በፍጹም የማያየውን ቅንጣት ማሽን «አለ» ይለናል። ታዲያ ማሽኑ ያየው ሁሉ ብይኑን ይለውጣል?

በጄላቲን ጉዳይ የዑለሞች አስተያየት አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ በ1986 በአማን የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፍቅህ አካዳሚ ከአሳማ በተሠራ ጄላቲን መጠቀም አይፈቀድም ሲል፣ በ1995 በኩዌት የተካሄደ የፍቅህና የሕክምና ሴሚናር ደግሞ ነገሩ ወደ ሌላ ነገር ከተለወጠ (ኢስቲሓላ) ንጹሕ ይሆናል ብሏል። ኢስቲሓላ በሐነፊዮች ዘንድ ሰፊ ቦታ ሲኖረው፣ በሻፊዒዮች ዘንድ ጠበብ ያለ ነው። የላቦራቶሪው ግኝት ለዚህ ክርክር ግብዓት ይሆናል፤ ምክንያቱም ሙስበሓው ቢቆራረጥም የዶቃዎቹ አሰካክ የአሳማ መሆኑ አሁንም ይነበባል። «ታዲያ በእርግጥ ተለውጧል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ዓሊም ማስረጃ አለው። ብይኑ ግን የዑለሞች ነው፤ ማሽኑ «ምን» እና «ስንት» ይላል እንጂ «ሐላል» ወይም «ሐራም» አይልም።

ማሽኑ ጨርሶ የማያውቀው ነገርም አለ። ሥጋው የከብት መሆኑን ይነግረናል፤ ሲታረድ የአላህ ስም ተወስቶበት እንደሆነ ግን የትኛውም መሣሪያ አይነግረንም። እርሱ በአራጁ ኢማን፣ በተቆጣጣሪው ታማኝነትና በምስክር ቃል ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ ላቦራቶሪ የአማናን ቦታ ሊተካ አይችልም፤ ሊያግዘው ይችላል።

እኛስ ምን እናድርግ?

እያንዳንዱ መሣሪያ ከፍተኛ ዋጋ፣ የማይቆራረጥ መብራትና የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልጋል። ግለሰብ ሊገዛው አይችልም፤ ማኅበረሰብ ግን መጠየቅ ይችላል።

አንደኛ፣ «ሐላል» የሚል ምልክት ስናይ ማን እንደሰጠውና ምን እንደመረመረ እንጠይቅ። ሁለተኛ፣ በምርመራ ወረቀት ላይ «አልተገኘም» የሚል ካያችሁ «የለም» ማለት እንዳልሆነ እወቁ፤ መሣሪያው ሊያይ ከሚችለው መጠን በታች ነው ማለት ነው። ስለዚህ መጠኑ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ሦስተኛ፣ ነጋዴ ወንድሞች ቅቤውን፣ ማሩንና በርበሬውን ማሽን ሳይመጣባቸው እርጥቡን ከላይ ያድርጉት። አራተኛ፣ ወላጆች ልጆቻችሁ ኬሚስትሪ ሲማሩ አበረታቱ፤ በዚህ ሙያ ላይ የሚቀመጥ ታማኝ ሙስሊም ለኡማው ፈርድ ኪፋያ እየተወጣ ነው ብዬ አምናለሁ። በመጨረሻም ነገሩን ወደ ወስዋስ አንውሰደው። የታወቀ አጠራጣሪ ምልክት ከሌለ የሙስሊም ወንድምን ማዕድ በጥርጣሬ መመርመር ከእኛ አልተጠየቀም።

ያ ተማሪዬ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል። ባገኘው የምነግረው ይህንን ነው፤ ያን ቀን ያለ ዕውቀት «ብላ» ባለማለቴ አልጸጸትም፣ አሁን ግን መልሱን የሚያውቅ ሚዛን አለ። የሚዛኑን ዳኛ እውነተኛ ማድረግ የእኛ ፋንታ ነው።

ወላሁ አዕለም።